የክሎሪን ተረፈ ምርቶች ምርመራ ታሪክና የጣና ዳር ውኃ

ክሎሪን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያገኘው ተህዋስያንን ብቻ አይደለም። ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከአፈርና ከደንገል ወጥቶ በውኃው የሟሟ የብስባሽ ርዝራዥም ይጠብቀዋል። ሁለቱ ሲዋሐዱ ቀድሞ በውኃው ያልነበሩ ውሁዶች ይፈጠራሉ፤ የክሎሪን ተረፈ ምርቶች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በብዛት የሚገኙት ሁለት ቤተሰቦች ትራይሃሎሜቴኖችና ሃሎአሴቲክ አሲዶች ሲሆኑ፣ መጠናቸው የሚለካው በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን ዓይን አያያቸውም፣ ምላስም አይለያቸውም። ውኃን በክሎሪን ያለማቋረጥ ማከም ከተጀመረ በኋላ ሰባ ዓመት ያህል መኖራቸው ሳይታወቅ የቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ታሪካቸው በአመዛኙ ላቦራቶሪዎች እነርሱን ማየት የቻሉበት ታሪክ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ጉዳይ የተለየች ከተማ ናት፤ ሁለት ዓይነት ውኃ ጎን ለጎን ይዛለችና። አንደኛው በደጇ የተንጣለለው ጣና ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ ጥልቀቱ ግን እጅግ ጠለቅ ባለው ስፍራ እንኳ 15 ሜትር የማይሞላ ሐይቅ። ሁለተኛው ባዛልት ከሚባለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር የሚፈልቀው የምንጭና የጉድጓድ ውኃ ነው። የከተማዋ ቧንቧ የሚመገበው ከሁለተኛው ነው፤ አረቄ፣ ሎሚና ጥቁሪት የተባሉት ምንጮች በዚህ ረገድ ስማቸው የታወቀ ነው። ሁለቱ ውኃዎች ተመሳሳይ ክሎሪን ቢጨመርባቸው የሚሰጡት ተረፈ ምርት ግን በእጅጉ ይለያያል። ምክንያቱን ለማየት ክሎሪን ለምን እንዳስፈለገ ከመጀመሪያው መነሣት ይገባል።

የጣና ዳር ሰው ለዘመናት ውኃውን የመረመረው በዓይኑ፣ በአፍንጫውና በምላሱ ነበር። የጠራው ይጠጣል፤ የደፈረሰው በእንስራ ተቀምጦ እስኪጠልል ይጠበቃል። በደንገል ታንኳ የሚታወቁት ነገደ ወይጦዎች፣ የደሴቶቹ መነኮሳት፣ የዘጌ ቡና አልሚዎች ከሐይቁ እየቀዱ ኖረዋል። ውኃን ማጥለል ማስተዋል ያለበት ልማድ ነው፤ ደለል ሲወርድ ከደለሉ ጋር የተጣበቀው ተህዋስ በከፊል አብሮ ይወርዳል። ኮሌራን ግን ይህ ልማድ አይመልሰውም። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1866 መሆኑ ነው፣ የዐፄ ቴዎድሮስ ጦር ዘጌ ሰፍሮ ሳለ ኮሌራ ገባበት። ሰፈሩ ወደ ቆራጣ ተሻገረ፤ በሽታውም ተከተለው። ጦሩ በመጨረሻ ወደ ደጋው፣ ወደ ደብረ ታቦር ወጣ። በጊዜው በንጉሠ ነገሥቱ እጅ ከነበሩት አውሮፓውያን አንዱ ሐኪሙ ሄንሪ ብላንክ ነበር፤ የዚያን ጊዜውን መከራ በኋላ ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቦታል። ብዙ ሺህ ሰውና ከብት በአንድ የሐይቅ ዳርቻ ሰፍሮ እዚያው ሲቀዳና እዚያው ሲጸዳዳ ምን እንደሚደርስ ዛሬ ለማስረዳት ቀላል ነው። ያኔ ግን ጆን ስኖው በለንደን ኮሌራ በውኃ እንደሚተላለፍ ካሳየ ገና 12 ዓመቱ ነበር፤ ሮበርት ኮኽ ባክቴሪያውን ለይቶ እስኪያሳውቅም ገና 17 ዓመት ያህል ይቀር ነበር።

ክሎሪንን ካርል ሼለ የተባለው የስዊድን ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1774 አግኝቶት ነበር። ለረጅም ጊዜ ያገለገለው ጨርቅ ለማንጣት ነው፤ ዛሬም በየቤቱ በረኪና የሚባለው የዚያ ዘር ነው። ለአንድ ከተማ የመጠጥ ውኃ ያለማቋረጥ የተጨመረው በቤልጅየሟ ሚደልከርከ እ.ኤ.አ. በ1902 ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 የእንግሊዟ ሊንከን በታይፎይድ ስትመታ ተከተለች፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ደግሞ የአሜሪካዋ ጀርዚ ሲቲ በሐኪሙ ጆን ሊል ምክር ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ታይፎይድና ኮሌራ ከሀብታም አገሮች ከተሞች የጠፉት በዋናነት በማጣሪያና በክሎሪን ነው። በሕክምና ታሪክ ይህን ያህል ሕይወት ያተረፈ ርካሽ ነገር ጥቂት ነው።

ወደ ጣና አካባቢ ይህ እውቀት በተደራጀ መልክ የገባው በጎንደር በኩል ነው። በደምቢያ ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1953 የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ኮሌጁ የጤና መኮንኖችንና የማኅበረሰብ ነርሶችን ብቻ አላሠለጠነም፤ ሳኒታሪያን የሚባሉ የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችንም አወጣ። ሳኒታሪያኑ በየገጠሩና በየከተማው እየተመደበ ምንጭ ማጎልበት፣ ጉድጓድ መክደን፣ መጸዳጃ ማስቆፈርና ውኃን በክሎሪን ማከም ሥራው ሆነ። የእነዚህ ሰዎች ድካም በኢትዮጵያ የጤና ታሪክ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አግኝቷል ለማለት አይቻልም።

ባሕር ዳር ራሷ በዚያው ዘመን ከመንደርነት ወጣች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ፣ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተከታትለው መጡ። ፋብሪካና ትምህርት ቤት ሠራተኛና ተማሪ ይስባሉ፤ የተሰበሰበ ሕዝብም ቦኖና ቧንቧ ይፈልጋል። ከሐይቁ ይልቅ የምንጭ ውኃ መመረጡ ብልህነት ነበር። የጣና ውኃ በክረምት በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ደለል ይደፈርሳል፤ እሱን ለማጥራት አሉም ጨምሮ ማርጋት፣ በአሸዋ ማጣራት፣ ከዚያም ማከም ያስፈልጋል። ከባዛልት ስንጥቅ የሚወጣው ምንጭ ግን በአለት ውስጥ ተጣርቶ የሚመጣ በመሆኑ ክሎሪን ብቻ ተጨምሮበት ሊሠራጭ ይችላል። ያኔ የተመረጠው በዋጋና በድፍርስነት ምክንያት ይሆናል፤ ከተረፈ ምርት አንጻርም ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነበር።

የክሎሪን ሕክምና የመጀመሪያው የላቦራቶሪ ጥያቄ ስንት ክሎሪን ቀረ የሚለው ነው። ከተጨመረው ክሎሪን የተወሰነው ተህዋስያንንና ብስባሽን ሲያጠቃ ያልቃል፤ ተርፎ በቧንቧው እስከ ቤት የሚዘልቀው ቅሪት ክሎሪን ይባላል። ለዚህ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያገለገለው ኦርቶቶሊዲን የተባለ ፈሳሽ ነበር፤ ክሎሪን ካለ ውኃውን ቢጫ ያደርገዋል። ሁለት ድክመት ነበረበት። አንደኛ፣ ነጻውን ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር ከተጣመረው በደንብ አይለይም። ሁለተኛ፣ ፈሳሹ ራሱ ካንሰር ያስከትላል ተብሎ የሚፈራ ኬሚካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እንግሊዛዊው ኬሚስት ፓሊን ዲፒዲ የተባለውን ዘዴ አስተዋወቀ። አንድ ክኒን በውኃው ሲሟሟ ነጻ ክሎሪን ካለ ሐምራዊ ሮዝ ቀለም ይሰጣል፤ ቀለሙ በበረታ ቁጥር ክሎሪኑ ብዙ ነው። በኢትዮጵያ የውኃ ባለሙያዎች እጅ ዛሬ የሚታየው ትንሿ የፕላስቲክ መመርመሪያ የምትሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ውኃው ክሎሪን ከተጨመረበት ከ30 ደቂቃ በኋላ ቢያንስ 0.5 ሚሊግራም፣ በተጠቃሚው ቧንቧ ላይ ደግሞ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ነጻ ክሎሪን በሊትር እንዲገኝ ይመክራል።

ቅሪት ክሎሪን ሕክምናው መሥራቱን ይነግራል፤ ክሎሪኑ ከብስባሹ ጋር ምን እንደፈጠረ ግን አይናገርም። ለዚህ ሌላ ዓይነት መሣሪያ ያስፈልግ ነበር።

ከትራይሃሎሜቴኖቹ አንዱ የሆነው ክሎሮፎርም የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው፤ ከ1847 ጀምሮም ለቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ሆኗል። በ1910ዎቹ ፉጂዋራ የተባለ ጃፓናዊ ክሎሮፎርም ከፒሪዲንና ከጠንካራ አልካሊ ጋር ሲሞቅ ቀይ ቀለም እንደሚሰጥ አሳየ። ይህ ለመርዝ ምርመራ ጠቅሟል፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለውን እጅግ አነስተኛ መጠን ለማየት ግን ያለ ተጨማሪ ዝግጅት አቅሙ አልደረሰም። በሩን የከፈቱት ሁለት ግኝቶች ናቸው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1952 ጄምስና ማርቲን ያስተዋወቁት የጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ የተቀላቀሉ ተናኝ ውሁዶች በረጅም ቀጭን ቱቦ ውስጥ በጋዝ እየተገፉ ሲያልፉ እያንዳንዱ በየራሱ ጊዜ እንዲወጣ ያደርጋል። ሁለተኛው ጄምስ ላቭሎክ እ.ኤ.አ. በ1957 የሠራው ኤሌክትሮን ያዥ ጠቋሚ ነው። ክሎሪንና ብሮሚን ያለበት ሞለኪውል ኤሌክትሮን የመንጠቅ ባሕርይ አለው፤ ጠቋሚው የተነጠቁትን ኤሌክትሮኖች ጉድለት ይቆጥራል። በመጀመሪያ የታወቀው የዲዲቲ ርዝራዥን በማግኘቱ ነው። ዲዲቲ በደምቢያና በሌሎች ወባማ ስፍራዎች ቤት ለቤት የተረጨው መድኃኒት በመሆኑ፣ ይህ መሣሪያ ለጣና አካባቢም በሁለት በኩል የሚመለከት ሆኖ ይገኛል።

በክሎሪን የታከመ ውኃ ራሱ ክሎሮፎርም እንደሚፈጥር ያሳየው ዮሐንስ ሩክ ነው። የኔዘርላንድ ኬሚስት ሲሆን፣ በሮተርዳም የውኃ ድርጅት ከመሥራቱ በፊት በቢራ ጠመቃ ዘርፍ ሠርቷል። የቢራን ጣዕም የሚሰጡትን ተናኝ ውሁዶች የሚያጠናው ከፈሳሹ በላይ ያለውን አየር በመውሰድ ነበር። የጠላ ጋን ክዳን ሲነሣ አፍንጫን የሚቀበለው ሽታ የሚመጣው ከጠላው በላይ ከታመቀው አየር እንደሆነ ሁሉ፣ በታሸገ ጠርሙስ ውስጥ በሞቀ ውኃ ላይ ያለው አየርም ከውኃው የተነነውን ይይዛል። ሩክ ይህን ዘዴ ወደ መጠጥ ውኃ አዞረው። በጥሬው የወንዝ ውኃ ያላያቸውን አራት ውሁዶች ክሎሪን ከተጨመረ በኋላ አገኛቸው፤ ክሎሮፎርም፣ ብሮሞዳይክሎሮሜቴን፣ ዳይብሮሞክሎሮሜቴንና ብሮሞፎርም። አራቱ አንድ ላይ ትራይሃሎሜቴኖች ይባላሉ።

የሩክ ታላቅነት በማግኘቱ ብቻ አልነበረም፤ ምንጩንም ፈለገ። ከረግረግ ብስባሽ የተቀዳ ቡናማ ፈሳሽ ወስዶ ክሎሪን ጨመረበትና ክሎሮፎርም ተፈጠረ። እንግዲያው ጥፋተኛው ከፋብሪካ የተለቀቀ ኬሚካል ሳይሆን የተፈጥሮ ብስባሽ፣ ሂውሚክ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ብሮሚን ያለባቸው ሦስቱ ውሁዶች ደግሞ በወንዙ ውኃ ካለው የብሮማይድ ጨው ይመጣሉ፤ ክሎሪን ብሮማይዱን ይለውጠውና ብሮሚኑ በተራው ብስባሹን ያጠቃል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ። በዚያው ዓመት በአሜሪካ ሲንሲናቲ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ኬሚስቶች ቤላር፣ ሊክተንበርግና ክሮነር ለብቻቸው ወደ ተመሳሳይ ውጤት ደረሱ። በወንዝ ጥሬ ውኃ ከ1 ማይክሮግራም የማይበልጠው ክሎሮፎርም በማከሚያው ጣቢያ ውስጥ ሲያልፍ ወደ አሥሮች ማደጉን አሳዩ።

የሲንሲናቲዎቹ ዘዴ ነፍቶ ማጥመድ ሊባል ይችላል። በጥቂት ሚሊሊትር ውኃ ውስጥ ንጹሕ ሄሊየም ወይም ናይትሮጅን ይነፋል፤ ጋዙ ተናኞቹን ውሁዶች ይዞ ይወጣና ቴናክስ በተባለ ዱቄት በታሸገ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ቴናክሱ ውሁዶቹን ይይዛቸዋል። ቱቦው በድንገት ሲጋል ሁሉም በአንድ ጊዜ ይለቀቁና ወደ ክሮማቶግራፉ ይገባሉ። ዘዴው እጅግ ስሱ ነው፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ሌላው ቀለል ያለ መንገድ ውኃውን ከፔንቴን ወይም ሌላ ከውኃ ጋር ከማይዋሐድ ፈሳሽ ጋር በጠርሙስ አናግቶ ትራይሃሎሜቴኖቹን ወደ ፈሳሹ መሳብ ነው፤ ከዚያ አንዲት ጠብታ በመርፌ ወደ ክሮማቶግራፉ ትገባለች፣ ኤሌክትሮን ያዡ ጠቋሚም ያነባታል። የኬሚስትሪ ክፍል ላለው አንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ይህ ሁለተኛው መንገድ ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ጠቋሚው ግን ኒኬል 63 የተባለ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ስላለበት የጨረራ ጥበቃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ለጋዝ ሲሊንደር፣ ለመለዋወጫና ለማይቆራረጥ መብራትም አስቀድሞ ማሰብ ግድ ነው።

ሕግ ከዘዴው ጋር እኩል ተራመደ። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ 80 ከተሞች የተደረገ ዳሰሳ ክሎሪን በሚጠቀሙት ሁሉ ክሎሮፎርም አገኘ። በ1976 የአገሪቱ የካንሰር ተቋም ክሎሮፎርም በብዛት የተሰጣቸው አይጦች ካንሰር እንደያዛቸው አስታወቀ። በ1979 የአራቱ ትራይሃሎሜቴኖች ድምር ጣራ በሊትር 100 ማይክሮግራም ሆነ፤ በ1998 ወደ 80 ዝቅ ብሎ ለአምስት ሃሎአሴቲክ አሲዶች ደግሞ 60 ተወሰነ። የዓለም የጤና ድርጅት መንገድ ከዚህ ይለያል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመሪያ አስቀምጧል፤ ለክሎሮፎርም 300፣ ለብሮሞዳይክሎሮሜቴን 60፣ ለዳይብሮሞክሎሮሜቴንና ለብሮሞፎርም 100 ማይክሮግራም በሊትር። የተለካው እያንዳንዱ መጠን ለራሱ መመሪያ ሲካፈል የሚገኙት አራት ውጤቶች ተደምረው ከ1 መብለጥ የለባቸውም። ለምሳሌ 150 ክሎሮፎርም፣ 18 ብሮሞዳይክሎሮሜቴን፣ 10 ዳይብሮሞክሎሮሜቴን ያለበትና ብሮሞፎርም የሌለበት ውኃ 0.5፣ 0.3 እና 0.1 ይሰጣል፤ ድምሩ 0.9 በመሆኑ ያልፋል። ያው ውኃ በአሜሪካ ጣራ ሲለካ ድምሩ 178 በመሆኑ ይወድቃል። አንድን የላቦራቶሪ ውጤት የሚያነብ ሰው በየትኛው ሚዛን እንደተመዘነ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ለዚህ ነው።

ሃሎአሴቲክ አሲዶች የታዩት ዘግይተው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው። የዘገዩበት ምክንያት አለመትነናቸው ነው፤ በአየር አይወጡም፣ በጋዝ አይነፉም። ላቦራቶሪው ውኃውን በኃይል አሲድ ያደርገዋል፣ አሲዶቹን በኢተር መሰል ፈሳሽ ይስባል፣ ከዚያ በሜታኖል አዋሕዶ ተናኝ ወደ ሆነ ቅርጽ ይለውጣቸዋል። የሚያነባቸው ያው ኤሌክትሮን ያዥ ነው። ከዚህ በኋላ ማስ ስፔክትሮሜትር ከክሮማቶግራፍ ጋር ሲጣመር የታወቁት ተረፈ ምርቶች ቁጥር በፍጥነት አደገ፤ እስካሁን ከ600 በላይ ተለይተዋል፤ አብዛኞቹ ግን መመሪያ አልወጣላቸውም።

ከነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ጎን ለጎን ላቦራቶሪዎች ሌላ ጥበብ አዳበሩ፤ የተፈጠረውን ብቻ ሳይሆን ሊፈጠር የሚችለውን መለካት። አንድ ውኃ ብዙ ክሎሪን ተጨምሮበት በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ7 ቀን ይቀመጣል፤ በመጨረሻ የተገኘው ትራይሃሎሜቴን የዚያ ውኃ የመፍጠር አቅም ይባላል። ከዚህም የሚቀልለው ውኃው 254 ናኖሜትር የሆነውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ምን ያህል እንደሚውጥ ማየት ነው። ሂውሚክ ብስባሽ ይህን ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ አንድ ተራ ስፔክትሮፎቶሜትር ያለው ላቦራቶሪ በደቂቃዎች ውስጥ ውኃው ለተረፈ ምርት ያለውን ዝንባሌ ሊገምት ይችላል። በገንዘብ አቅሙ ውስን ለሆነ የውኃ አገልግሎት ከሁሉ ይልቅ የሚበጀው ይህ ነው።

እነዚህ ዘዴዎች በጣና ዳር ሁለት ውኃዎች ላይ ሲታሰቡ ልዩነቱ ይገለጣል። ከባዛልት የሚፈልቀው ምንጭ በአለትና በአፈር ሲጣራ የመጣ በመሆኑ የሟሟ ብስባሹ ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ብስባሽ ከሌለ ክሎሪኑ የሚያጠቃው ነገር የለውም፤ ትራይሃሎሜቴኑም ዝቅተኛ ይሆናል። የምንጭና የጉድጓድ ውኃ አደጋ ያለው በሌላ በኩል ነው። በሰፋች ከተማ ሥር መጸዳጃ ጉድጓዶች ሲበዙ አሞኒያና ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ይሰርጋሉ። አሞኒያ ክሎሪኑን ይዞ ክሎራሚን ይፈጥራል፤ ክሎራሚን ትራይሃሎሜቴን እምብዛም አይፈጥርም፣ ተህዋስ የመግደል ኃይሉም ግን ደካማ ነው። ነጻ ክሎሪን እንዲገኝ ለእያንዳንዱ ሚሊግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ከ7.6 ሚሊግራም በላይ ክሎሪን መጨመር አለበት። አጠቃላይ ክሎሪንን ብቻ የለካ ሠራተኛ ውኃው የተጠበቀ ይመስለዋል፤ ነጻውን ለይቶ የሚያሳየው የዲፒዲ ክኒን እዚህ ላይ ነው ዋጋው።

የጣና ውኃ ሌላ ነው። ዳርቻውን የከበበው ደንገልና ረግረግ ሩክ በሮተርዳም ለሙከራ የተጠቀመበትን ዓይነት ብስባሽ ያመርታል። ሐይቁ ጥልቀት ስለሌለው ነፋስ የሥሩን ደለል በቀላሉ ያነሣዋል። በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ መታየቱ የተመዘገበው እምቦጭ በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እየተስፋፋ ሲሞትና ሲበሰብስ በውኃው ላይ ተጨማሪ የብስባሽ ጭነት ይጥላል። በአንጻሩ ጣና ጨዉ አነስተኛ የሆነ ጣፋጭ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ ከስምጥ ሸለቆ ጨዋማ ውኃዎች ጋር ሲወዳደር ብሮማይዱ ዝቅተኛ እንደሚሆን ይጠበቃል፤ ቢታከምም የሚያይለው ብሮሚን ያለባቸው ሦስቱ ሳይሆኑ ክሎሮፎርም ይሆናል ማለት ነው። በገጸ ምድር ውኃ ላይ የሚደገፉ ከተሞች ይህን ችግር ቀድመው አይተዋል። አዲስ አበባ ከገፈርሳና ከለገዳዲ ግድቦች፣ ጎንደርም ከአንገረብ ግድብ የሚያገኙት ውኃ በአሉም ረግቶ፣ ተጣርቶና ክሎሪን ተጨምሮበት የሚሠራጭ ነው።

ወቅትና ማከማቻም ቁጥሩን ይለውጣሉ። ተረፈ ምርት በሙቀትና በጊዜ ይጨምራል። ክሎሪን ያለበት ውኃ በቧንቧ ረጅም መንገድ ሲጓዝ፣ ከዚያም ፈረቃ ሲቋረጥ ለመጠባበቂያ በሮቶ ውስጥ በፀሐይ ሲቀመጥ፣ ብስባሽ እስካለው ድረስ መፍጠሩን አያቆምም። ስለዚህ ናሙና ከማከሚያው ደጅ ብቻ ሳይሆን ከመስመሩ ጫፍም መወሰድ አለበት። ለሚጠጣው ሰው አንድ መልካም ነገር አለ፤ ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ የሚፈላ ተናኝ ስለሆነ ውኃ ክዳኑ ተከፍቶ ሲፈላ አብዛኛው በእንፋሎት ይሄዳል።

የተረፈ ምርትን አደጋ በልኩ መያዝ ይገባል። ክሎሮፎርም በዓለም የካንሰር ምርምር ድርጅት ምድብ 2ለ፣ ማለትም በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ከተባሉት ውስጥ ነው፤ ሥጋቱ ለአሥርተ ዓመታት በየቀኑ ከመጠጣት የሚመጣ ነው። ኮሌራ ግን በሰዓታት ይገድላል። በ1998 እና በ2008 ዓ.ም. አተት በሚል ስም በአገሪቱ የተስፋፋው ወረርሽኝ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምትም ከጣና በስተምዕራብ በቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ በተሰበሰበው ምእመን ላይ የወደቀው ኮሌራ የዚህ ማስረጃ ናቸው። የዓለም የጤና ድርጅትም ተረፈ ምርትን ለመቀነስ ተብሎ የተህዋስያን ማጥፊያው ሥራ በምንም መንገድ መጓደል እንደሌለበት በግልጽ ይናገራል። ትክክለኛው መንገድ ክሎሪን መቀነስ ሳይሆን ክሎሪን ከመጨመሩ በፊት ብስባሹን ማውጣት ነው፤ በአሉም በደንብ ማርጋትና ምንጩን መጠበቅ። ውኃ አጋር የተባለውን የክሎሪን ፈሳሽ በጄሪካን የሚያንጠባጥብ ቤተሰብም የደፈረሰውን አስቀድሞ ማጥለሉ ለክሎሪኑ ኃይልም ለውኃውም ይበጃል።

ባሕር ዳር እየሰፋች ነው፤ የምንጮቹ አቅም ሲያጥር ዓይን ወደ ሐይቁ መዞሩ የማይቀር ነው። ያ ውሳኔ ከመወሰኑ በፊት የጣና ውኃ በየወቅቱ፣ በነሐሴ ድፍርስም በሚያዝያ ጥራትም፣ የብርሃን መዋጥ መጠኑና ትራይሃሎሜቴን የመፍጠር አቅሙ መለካት አለበት። ጋዝ ክሮማቶግራፍ በየከተማው ሊኖር አይችልም፤ ያም ሆኖ ላለመመርመር ምክንያት አይሆንም። ለትራይሃሎሜቴን የሚያስፈልገው ናሙና 40 ሚሊሊትር ብቻ ነው። የአየር አረፋ ሳይገባበት እስከ አፉ በሞላ የብርጭቆ ጠርሙስ ይያዛል፤ ክሎሪኑን የሚያስቆም ጥቂት ሶዲየም ቲዮሰልፌት ወይም አስኮርቢክ አሲድ ይጨመርበታል፤ በ4 ዲግሪ ከቀዘቀዘ 14 ቀን ይቆያል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።